የእማማ ሉቺያ መቁጠሪያ

እማማ ሉቺያ በተቀበሩ ማግስት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት የጸሎት ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ጌታን ተቀብለው ነው ያረፉት?» አለችኝ። በእጄ ንፍሮ ይዤ ነበር። ወደ አፌ ልወስደው ካልኩ በኋላ መለስኩት።

«ሴትዮዋን ታውቂያቸው ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እኔ አላውቃቸውም። ካቶሊክ ናቸው ሲባል ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ንፍሮሽን ብዪ።»

ክፉ መልስ ነው፤ አውቃለሁ። ጓደኛዬም ተቀይማኝ ብዙ ጊዜ ከጎኔ አልተቀመጠችም። ግን መልስ ጠፍቶኝ አልነበረም። ያለኝ መልስ ረጅም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሚያወሩት አይደለም። እነሆ ዛሬ ልጻፈው።

ያን ዘመን ሳስበው ሁልጊዜ ዝናብ ነው። በጋ አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ። ግን በትዝታዬ ውስጥ ኮልፌ ሁልጊዜ ጭጋግ ለብሳለች፣ የቆርቆሮ ጣራው ይንሾካሾካል፣ የቀራንዮ ደወል ከውሃ ውስጥ እንደሚወጣ ድምፅ ታፍኖ ይመጣል። ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። የኛንና የእማማ ሉቺያን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስሉ እንሰማለን፣ እኛ ስንጣላ ይሰሙናል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ አንድ ጉርምርምታ ይጀምራል፤ «ጸጋን የተመላሽ ማርያም ሆይ...» ይልና ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል። መቁጠሪያቸውን እየደገሙ ነው። እኔ በዚያ ድምፅ ላይ ተንሳፍፌ ሁለተኛውን እንቅልፍ እተኛለሁ። ለባሌ ግን ይህን ነግሬው አላውቅም።

እማማ ሉቺያ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ከጉራጌ አገር፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው የሚሸፍኑ ሴት። በልጅነታቸው የካቶሊክ ደናግል መነኮሳት ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበሩ። አንዲት አሮጊት አዋላጅ እጃቸውን አይታ «ይቺ ለአንሶላ አትባክንም» ብላ ወሰደቻቸው። ጥፍራቸውን በየማለዳው ይቆርጣሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። ራሳቸው አልወለዱም፤ ባላቸውም ቀድመዋቸው ሞተዋል። «ልጅ የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነው፤ እኛ በር ከፋቾች ነን» ይሉ ነበር።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ ዋናውን ነገር ልናገር። እማማ ሉቺያ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም ማንበብ አይችሉም። በምጥና በምጥ መካከል ያለውን ጊዜ የሚለኩት በመቁጠሪያቸው ነው። አንዱ ምጥ ሲያልፍ «ጸጋን የተመላሽ» ብለው ይጀምራሉ፤ ሌላው ሲመጣ ስንት ጊዜ እንዳሉት ያያሉ። ሃያ ከሆነ ገና ነው። አሥር ከሆነ ውሃ ይሙቅ። አምስት ከሆነ ማንም ከቤት አይውጣ። ይህን ሕግ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ በቃላችን እናውቀው ነበር።

ባሌ ጴጥሮስ አናጺ ነው። ከመዶሻው ሌላ የሚያምነው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። የኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በደርግ ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ ከተወሰደ ወዲህ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን የኛ ቤት ተሰብስበን በሹክሹክታ እንዘምራለን። በሹክሹክታ መዘመር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሳቅም ልቅሶም ይመጣል። እማማ ሉቺያ በእነዚያ ቀናት በርጩማቸውን አውጥተው የግቢው በር ላይ ይቀመጣሉ። አብዮት ጠባቂዎቹ ብቅ ሲሉ መቁጠሪያቸውን ጮክ ብለው ይጀምሩታል። እሳቸውን ማንም አይነካም፤ የካቶሊክ አሮጊት ብትጸልይ ማን ምን ይላታል? እኛ ውስጥ ሆነን «ጸጋን የተመላሽ» ስንሰማ መጽሐፎቻችንን እንከድናለን፣ የመጫወቻ ካርታ እናወጣለን።

ጴጥሮስን ይህ ያንገበግበው ነበር። «ማርያም ዘበኛችን ሆና ቀረች» ይላል።

«ዘበኛነት ምን ነውር አለው?» ይሉታል እማማ። «ልጇንስ ሄሮድስ ሲያሳድደው ጠብቃ አሳድጋው የለ?»

ክርክራቸው እንዲህ ነበር። እሱ ግቢ ውስጥ ጣውላ ይልጋል፣ እሳቸው ምስር ይለቅማሉ፣ ቃል ይወራወራሉ። «ሰው ንጉሥ ቤት ሲገባ እናቲቱን ሰላም ሳይል ያልፋል?» ይላሉ እሳቸው። «ንጉሡ ራሱ በሩን ከፍቶልኝ በእናቱ በኩል ምን አዞረኝ?» ይላል እሱ። «ስምህን ጴጥሮስ ብለው አውጥተውልህ ቁልፉን ለኛ ተውክልን» ብለው ይስቁበታል። አንድ ቀን «የተጻፈውን ያሳዩኝ እንጂ የአባቶች ወግ አልቀበልም» ሲላቸው ምስሩን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«አዋላጅነትን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። ከአንዲት አሮጊት እጅ ነው የተቀበልኩት፣ እሷም ከሌላዋ። ነገ ይህን እጅ አምነህ ሚስትህን ትሰጠኛለህ፤ መጽሐፉን ይዘው ያቆዩልህን አባቶች እጅ ግን አታምንም። ይግረመኝ!»

ጴጥሮስ መልስ ነበረው፤ ሁልጊዜም መልስ አለው። ያን ቀን ግን ወደ መላጊያው ተመለሰ።

እንዲህ እየተሳሳቁ ይቆዩ ነበር፣ የመጀመሪያ ልጄ ባይሞት። ሆስፒታል ገብቼ ወንድ ልጅ ወልጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ጎረቤት ግን ምክንያቱን ከሐኪም በፊት ያወቀ መሰለው። ቦኖ ላይ ውሃ ስንቀዳ አንዲት ጎረቤታችን፣ እኔ ከኋላዋ መቆሜን ሳታይ፣ «ማርያም ያልተጠራችበት ምጥ ምን ይሆናል ብለው ነው?» አለች። ለጴጥሮስ አልነገርኩትም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በራሱ እግር ይሄዳል። እሱም ጆሮ ደረሰ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ጣውላ ሲልግ ዋለ። ሲመሽ ጣውላዋ የወረቀት ያህል ቀጥና ነበር።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ሆስፒታል አልመለስም አልኩ። እማማ ሉቺያ ያዋልዱኝ አልኩት። እሺ አለ፣ ግን በአንድ ነገር። በቤታችን ውስጥ ማርያም አትጠራም።

«ሰው ምን ይላል ብለህ ነው?» ብዬ ተቆጣሁት።

«አይደለም» አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «እሷ ተጠርታ ይሄኛው ቢተርፍ፣ ያንን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም።

ምጤ የመጣው ቅዳሜ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሌሎቹን ሴቶች አልጠራናቸውም፤ «ማርያም ማርያም» ማለታቸው አይቀርምና። እማማ ሉቺያ እጃቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«እማማ፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ ጸሎት በዚህ ቤት እንዳይሉብኝ።»

«ታዲያ በምን ልቆጥር ነው?»

«ሰዓቴን እንኩ።» ከእጁ ፈታና ሰጣቸው። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው እያገላበጡ አዩት።

«ይሄ ምጥ ያውቃል?» አሉና መለሱለት። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ ነው የቆጠርኩት። ዛሬ በማላውቀው ብቆጥርና ሚስትህን ባጠፋብህስ?»

ጴጥሮስ ሰዓቱን መልሶ እጁ ላይ አሰረ። እኔ ውስጥ ሆኜ ትራሱን ነክሻለሁ።

«መልአኩ ያላት ቃል መጽሐፍህ ላይ አለ፣ የለም?» አሉት። «ኤልሳቤጥስ ያለቻት?»

«አለ። ሉቃስ ላይ አለ።»

«እሱ ነው እኮ ጸሎቱ።»

«ግማሹ ነው፣ እማማ። ‹ለምኝልን› የሚለው የለም።» አሰበና «ሰላምታውን ይበሉ። ልመናውን ተዉልኝ» አለ።

«ሰላም ብዬ ጉዳዬን ሳልናገር ልመለስ?» ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ወደኔ አዩና ሳቃቸውን ተዉት። «እሺ። ለአስቴር ስል። ቃሌ ነው።»

የቀረውን የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ጣራው ላይ ዝናብ፣ ሆዴ ላይ የሞቀ እጅ፣ ከራስጌዬ ያ የማውቀው ጉርምርምታ። የማውቀው ግን አልነበረም። መሀል ላይ ሲደርስ ይቆማል። በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ አንዷ እርከን የለችም፤ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። እንዲያ ነበር። ከግድግዳው ስማር የኖርኩት የቀረው ግማሽ በአእምሮዬ ውስጥ ራሱ ይቀጥላል፤ እኔ ደግሞ ባሌን አስቤ አስቆመዋለሁ። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። እማማ «አሥራ ስምንት» ይላሉ። «አሥራ አራት» ይላሉ።

«አሥር። ውሃ ይሙቅ።»

ላምባ አልቆብን ነበር። ጴጥሮስ ጀሪካን ይዞ ወደ ቀበሌው ሱቅ ሮጠ። እማማም ምላጭና ክር ቤታቸው ረስተው ስለነበር «አሥር ነው፣ ጊዜ አለን፤ ደርሼ መጣሁ» ብለው ወጡ። በራቸው በግቢው ወዲያኛው ወገን ስለሆነ ዞረው ነው የሚሄዱት።

ብቻዬን ቀረሁ። ያን ጊዜ ነበር ሰውነቴ ሳያማክረኝ ሥራውን የጀመረው። ጮህኩ መሰለኝ። ዝናቡ ድምፄን በላው።

ያዳነን ምን እንደሆነ እማማ ኋላ ላይ ነገሩኝ። የኛን ደጃፍ እንደ ተሻገሩ፣ «እዚህ የጴጥሮስ ቤት አይደለም» ብለው፣ ጸሎቱን በሙሉ ጀመሩት። ረዘመባቸው። «ምን ነካው ዛሬ ብዬ ቆምኩ» አሉኝ። «ዝናቡ ይመታኛል፣ እኔ ግቢ መሀል ቆሜያለሁ። ከዚያ ገባኝ። ለካ ስቆጥር የዋልኩት ግማሽ ግማሹን ነው! አሥር ያልኩት አምስት ነው!»

ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳቱ ሴት፣ ለሰው ቃል ሲጠብቁ ተሳሳቱ። ምላጩንም ክሩንም ሳይዙ ሮጠው ተመለሱ። ሲደርሱ የልጄ ራስ ወጥቷል፤ እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ጣታቸውን አሾልከው አንዱን ፈቱ፣ ሁለተኛውን ፈቱ። ልጅቷ ወጣች። ሰማያዊ ነበረች። አላለቀሰችም።

ጴጥሮስ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ደረሰ። ውሃ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል። ልጅቷን አያት፣ እኔን አየኝ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ይበሉ!» አለ። «እማማ፣ የፈለጉትን ይበሉ! ሁሉንም ይበሉት!»

እማማ አልመለሱለትም። አፋቸው የልጄ አፍ ላይ ነበር። ትንፋሻቸውን ቀስ እያሉ ይሰጧታል፣ ጀርባዋን በመዳፋቸው ያሹታል፣ እንደገና ይሰጧታል።  ዝናቡ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጀሪካኑ ከጴጥሮስ እጅ ወደቀ። ለልጃችን ለምሕረት ምላጭና ክር ያመጣላት እሱ ነው፤ ከእማማ ቤት፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ።

ግን እማማ ሉቺያን የማልረሳቸው ስለዚህ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ለብዙ ሴቶች ሠርተዋል። የማልረሳቸው በሦስተኛው ቀን ስላደረጉት ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ያቺ የቦኖዋም ሴት ገንፎ ይዛ መጣች። ክፋት የላትም፤ አፏ ነው እንጂ። ልጅቷን አቅፋ ሳመቻትና ወደ እማማ ዞራ «አያችሁ! ዘንድሮ ማርያም ተጠርታ ነው፤ አምናም ብትጠራ ኖሮ...» አለች።

ጴጥሮስ ከደጅ ጣውላ እየላገ ነበር። የመላጊያው ድምፅ ቆመ።

እማማ ሉቺያ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። እኒህ ሴት ማርያምን ሳይጠሩ ውሃ የማይጠጡ ሴት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ «አዎ» እንዲሉ ጠብቀናል። እኔም ጠብቄያለሁ።

«አልተጠራችም» አሉ። «አስቴርን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ አልጠራኋትም። በዚህ ቤት ‹ለምኝልን› የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሳይጠሯት መጥታ እንደሆነ እሱ የሷ ጉዳይ ነው። ልጅ የሚሞተው ግን እሷ ስላልተጠራች አይደለም። የሰውን ልጅ ‹አልጠራችሁኝም› ብላ የምትቀጣ እናት እኔ አላውቅም። እናንተ ካወቃችሁ ሌላ ናት።»

 ሴትዮዋ ልጅቷን ይበልጥ አቀፈቻት፤ ከዚያ አለቀሰች። መላጊያው ለረጅም ጊዜ አልተሰማም። ማታ ጴጥሮስን ሳየው ዓይኑ አብጧል። የሞተውን ልጃችንን ስም አውጥተንለት ነበር፤ ጴጥሮስ ግን ከቀብሩ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠራውም። ያን ማታ ጠራው።

እንግዲህ ታረቁ፣ ተስማሙ ብዬ እንዳልዋሻችሁ። ክርክሩ በሳምንቱ ቀጠለ። ጴጥሮስ ለምስጋና ብሎ ከጥሩ ጽድ ወንበር ሠራላቸው። እሳቸው ተቀብለው መርቀው፣ የማርያምን ሐውልት አስቀመጡበት።

«እማማ፣ እኔ የሠራሁት ወንበር ነው!»

«ታዲያ ቆማ ትቅር?» አሉት።

በሩ ላይ የጮኸውንም እሱ አንድ ቀን በራሱ አነሳው። አፍሮ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ያን ቀን ያልኩትን ሰምተውኛል» አላቸው። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉት። «ጆሮዬ ልጅቷ ደረት ላይ ነበር።»

ለጸሎት ጓደኛዬ ካልነገርኳት ሁሉ የቀረው የመጨረሻው ነው። ምሕረት ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ደርግም ሊወድቅ ብዙ አልቀረውም። እማማ ሉቺያ አልጋ ከያዙ ሰነባብተዋል፤ አንደበታቸው ከተዘጋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አንድ ረፋድ ላይ የወንድማቸው ልጅ ግድግዳውን አንኳኩታ «ቄሱን ልጥራ፤ እስክመለስ አጠገባቸው ሁኑልኝ» አለችን። ሄድን። አሁንም ዝናብ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ዝናብ ነበር።

ጴጥሮስ ሐውልቷን በሁለት እጁ አንስቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አውራ ጣታቸው አንዷ ፍሬ ላይ ናት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ጀምረው መጨረስ አቅቷቸዋል። ጣታቸው ከዚያች ፍሬ አታልፍም። ትንፋሻቸው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ እየረዘመ ነው። ጴጥሮስ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጸጋን የተመላሽ...» አለ።

ደነገጥኩ። ቀስ ብሎ፣ ያን ሁሉ ዓመት በግድግዳው እንደሰማነው አድርጎ፣ መልአኩ ያላትን አለ፣ ኤልሳቤጥ ያለቻትን አለ። ሉቃስ ላይ ያለው ሲያልቅ ቆመ። የእማማን ፊት አየሁ። ይጠብቃሉ። ጣታቸው አልተንቀሳቀሰችም። ጴጥሮስ ከንፈሩን ነከሰ። ሊያልፈው አልቻለም። ባሌን አውቀዋለሁ፤ የማያምንበትን ቃል ለሚወደው ሰው እንኳ አይልም፤ እማማም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ውሸት አይፈልጉትም።

አየኝ። አየሁት። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

የቀረውን ግማሽ እኔ አልኩት። ለምኝልን አልኩ፤ አሁንም በሞታችንም ጊዜ አልኩ። የማን ጸሎት እንደሆነ፣ ለማን እንደምለው አልጠየቅሁም። በልጄ አፍ ውስጥ የገባው ትንፋሽ እፊቴ እያለቀ ነበርና፣ ከዚያ ግድግዳ የተማርኩትን ለባለቤቱ መለስኩ።

አውራ ጣታቸው ከፍሬዋ ላይ ተንሸራትታ ወደሚቀጥለው አለፈች።

 ጴጥሮስ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብ አደረገና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሱን ግማሽ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።